ከሦስት ኩንታል ጤፍ አንዲት ፍሬ

ከስድስት ኪሎ ተነስቶ የአፍንጮ በርን ቁልቁለት ወርዶ፣ በራስ መኮንን ድልድይ በኩል ፒያሳ ለመውጣት ለደህና እግር ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። በዚያች አጭር መንገድ ግን ሰው ሳያውቀው ጣሊያንኛ ሲናገር ይውላል። ፒያሳ ማለት አደባባይ ነው። እጁ በግራሶ የተነከረ የጋራዥ ልጅ «ኩሽኔታው በልቷል» ሲል «ትንሹ ትራስ» እያለ መሆኑን ማን ነግሮት? ካፑቺኖም ቢሆን ከመነኩሴ ቆብ የመጣ ስም ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለችው «ኢኖ» ማሳነሻ ናት።

በዚያችው ማሳነሻ የተሠራ ሌላ ቃል አለ፤ ኒውትሪኖ። «ትንሹ ገለልተኛ» እንደማለት ነው። ይህን በሚያነቡበት ቅጽበት በአውራ ጣትዎ ጥፍር በኩል በየሴኮንዱ 60 ቢሊዮን ገደማ የፀሐይ ኒውትሪኖዎች ያልፋሉ። ቢመሽም ያው ነው፤ ፀሐይ ከእግራችን በታች ስትሆን ምድርን ከወዲያ ወዲህ ሰንጥቀው፣ በፍራሹ ገብተው በጣሪያው ቆርቆሮ ይወጣሉ። ከዚያ ሁሉ መንጋ አንዱ እንኳ ሰውን ነካ ማለት ብርቅ ነው።

ይህ ዓይነቱ ዕውቀት ከእኛ ሰፈር ርቆ፣ በሌላ ሰው ቤት የተሠራ ነው ብዬ ለረጅም ጊዜ አምኜ ኖሬያለሁ። ዘመኖቹን ጎን ለጎን መደርደር ስጀምር ግን ነገሩ ሌላ ሆነብኝ። የኒውትሪኖና የፀረ ቁስ ታሪክ በዚህ ቁልቁለት አጠገብ ደጋግሞ አልፏል፤ አንዳንዴም እኛው ላይ ተረማምዶ።

መጀመሪያ ጥያቄውን እናስቀምጠው። እያንዳንዱ የቁስ ቅንጣት መንታ አለው፤ ክብደታቸው አንድ፣ የኤሌክትሪክ ቻርጃቸው ተቃራኒ። የኤሌክትሮን መንታ ፖዚትሮን ይባላል፤ የፕሮቶን መንታ ፀረ ፕሮቶን። መንታዎቹ ከተገናኙ ሁለቱም ይጠፋሉ፤ የሚተርፈው ጨረር ነው። ጉልበት ወደ ቁስ ሲለወጥ ደግሞ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወለዳል። እንግዲያው ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት በፊት ጽንፈ ዓለም ሲጀመር ቁስና ፀረ ቁስ እኩል ከነበሩ፣ ተጠፋፍተው ማለቅ ነበረባቸው። ኮከብ አይኖርም፣ እንጦጦ አይኖርም፣ ጠያቂም አይኖርም። እንጦጦ ግን ቀና ሲሉ ይታያል።

የሥነ ፈለክ ሰዎች ከዚያ ዘመን የቀረውን ብርሃን ከዛሬው ቁስ ጋር አስተያይተው ሂሳቡን ደርሰውበታል። ለአንድ ቢሊዮን ገደማ የፀረ ቁስ ቅንጣት፣ የቁሱ ቁጥር ቢሊዮን ከአንድ ነበር። ቢሊዮኑ ከቢሊዮኑ ጋር ተጠፋፋ፤ አንዷ ቀረች። ቢሊዮን ለአፍ እንጂ ለዓይን አይመችምና በጤፍ እንየው። አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ ቢመዘን ሲሶ ግራም ገደማ ነው፤ ቢሊዮን ፍሬ ሦስት ኩንታል ያህል ይሆናል ማለት ነው። ሦስት ኩንታል ጤፍ በአንድ በኩል፣ ሦስት ኩንታል «ፀረ ጤፍ» በሌላ በኩል ይቁምና፣ በአንደኛው ወገን አንዲት ፍሬ ትብለጥ። ጋላክሲው፣ ውቅያኖሱ፣ የቆመው የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንና የፈረሰው የዶሮ ማነቂያ ሰፈር፣ ሁሉም የዚያች የአንዲት ፍሬ ሥራ ነው። እሷን በዚያ ወገን ማን ጨመራት? የቅንጣት ፊዚክስ ትልቁ ያልተፈታ ጥያቄ ይኸው ነው ብል ብዙ ባለሙያ የሚቃወመኝ አይመስለኝም።

የኒውትሪኖ ነገር የተጀመረው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ሰሞን ነው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. አራዳ ጊዮርጊስ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ሲጭኑ የዓለም ጋዜጠኛ ሁሉ እዚህ ነበር። ወር አለፍ ብሎ፣ ህዳር 25፣ ቮልፍጋንግ ፓውሊ የሚባል ኦስትሪያዊ ከዙሪክ አንድ ደብዳቤ ጻፈ፤ ለዚያኛው ዜና ጋዜጠኛ አልነበረም። ደብዳቤው ቱቢንገን ከተማ ለተሰበሰቡ ባልደረቦቹ የተላከ ነው። እሱ ራሱ ያልሄደው ዙሪክ ውስጥ የማይቀርበት የዳንስ ምሽት ስለነበረው ነው።

ያስጨነቀው ይህ ነበር። አንዳንድ አቶሞች ኤሌክትሮን ይተፋሉ፤ ቤታ ጨረር ይባላል። አቶሙ የሚያወጣው ጉልበት ሁልጊዜ አንድ ልክ መሆን ሲገባው፣ ኤሌክትሮኑ ይዞ የሚገኘው ይለያያል። መቶ ብር ተሰጥቶት የተላከ ልጅ አንድ ቀን ሰባ፣ አንድ ቀን አርባ፣ አንድ ቀን ዘጠና አድርሶ ቢገኝ እንደማለት ነው። ታላቁ ኒልስ ቦር ምናልባት ጉልበት አይጠፋም የሚለው ሕግ እዚህ ላይ አይሠራ ይሆናል እስከማለት ደርሶ ነበር። ፓውሊ ግን ሕጉን ከመሻር ሌባ መፈለግ ይሻላል አለ። ቻርጅ የሌለው፣ እጅግ ቀላል፣ ማንም የማያየው አንድ ቅንጣት ቀሪውን ብር ይዞ ይወጣል። ሐሳቡን ያቀረበው ግን እያፈረ ነው፤ ሊገኝ የማይችል ነገር መፍጠር ለሳይንቲስት ነውር ነውና።

በዚያው ሰሞን ፀረ ቁስም ከወረቀት ላይ ወጣ። እንግሊዛዊው ፖል ዲራክ እ.ኤ.አ. በ1928 (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ለኤሌክትሮን የጻፈው እኩልታ ሁለት መልስ ይሰጥ ነበር። አንዱ ኤሌክትሮኑ ነው፤ ሌላው ያልተጠራ እንግዳ። ዲራክ ጥቂት ዓመታት ካመነታ በኋላ በ1931 እንግዳውን ተቀበለው። በነሐሴ 1932 ካርል አንደርሰን የተባለ ወጣት አሜሪካዊ ከህዋ የሚወርደውን ኮስሚክ ጨረር በጉም በተሞላ ሳጥን ውስጥ ፎቶ ሲያነሳ፣ እንደ ኤሌክትሮን ቀላል የሆነ፣ በማግኔቱ ግን በተቃራኒው አቅጣጫ የተጠማዘዘ ጭረት አየ። ፖዚትሮን ተገኘ።

ፀረ ቁስ ሲባል ሰው የፊልም ቦምብ ይታየዋል። ለዚህ ጁስ ቤት ገብቶ ሙዝ ማዘዝ ይበቃል። ሙዝ ውስጥ ካለው ፖታሲየም ጥቂቱ ጨረር አመንጪ ነው፤ አንድ ሙዝ በሰዓት ከሩብ ገደማ አንድ ፖዚትሮን ይወልዳል። ፖዚትሮኗም ወዲያው ከጎረቤት ኤሌክትሮን ጋር ተገናኝታ ትጠፋለች፤ ስፕሪሱ አይበላሽም። ከላይ ደግሞ የአንደርሰን ዝናብ ሳያባራ ይወርዳል። ኮስሚክ ጨረር ከአየሩ ጋር ሲጋጭ የሚወለዱት ሚዮን የሚባሉት ቅንጣቶች በባሕር ጠለል ላይ በአንድ መዳፍ በየሴኮንዱ አንድ ሁለት ያልፋሉ፤ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ለተቀመጠችው ለአዲስ አበባ ድርሻው ከዚያ ይበልጣል። የሚገርመው፣ ከእነዚህ ውስጥ ባለ አዎንታዊ ቻርጆቹ፣ ማለትም ፀረ ቁሶቹ፣ ከቁሶቹ በሩብ ያህል መብለጣቸው ነው። በመዳፋችን ላይ ሚዛኑ ወደዚያ ያጋደለ ነው። ይህ ግን ትልቁን ጥያቄ አይመልስም፤ ዝናቡን የሚያወርዱት ከህዋ የሚመጡ ፕሮቶኖች አስቀድሞ አዎንታዊ ስለሆኑ የመጣ ነው።

አሁን ወደ ሮም። ኤንሪኮ ፌርሚ በፓኒስፔርና ጎዳና በሚገኘው የፊዚክስ ተቋም ወጣት ተማሪዎችና ረዳቶች ሰብስቦ ነበር፦ ኤዶአርዶ አማልዲ፣ ኤሚሊዮ ሰግሬ፣ ፍራንኮ ራሴቲ፣ ብሩኖ ፖንቴኮርቮ፣ ከሁሉም ዝምተኛው ኤቶሬ ማዮራና። በ1932 እንግሊዝ ውስጥ ኒውትሮን ሲገኝ፣ ፓውሊ ለራሱ ቅንጣት የመረጠው ስም ተወሰደበት። ጣሊያንኛ ደግሞ «ኦኔ» ብሎ ሲጨርስ ማግዘፊያ ነው፤ «ኒውትሮኔ» ለጆሯቸው «ትልቁ ገለልተኛ» ይመስላል። አማልዲ በጨዋታ መካከል እንግዲያው የፓውሊው «ኒውትሪኖ» ይሁን አለ። ፌርሚ ቃሏን ይዞ በየጉባኤው ዞረ። በ1933 መጨረሻም ሌባው ብሩን እንዴት እንደሚወስድ በሂሳብ የሚያሳየውን የቤታ ጨረር ቲዎሪ ጻፈ። ዛሬም መሠረቱ እሱ ነው።

ጥቅምት 1934 ላይ ሮማውያኑ ኒውትሮንን ማዘግየት የአቶምን እምብርት እንደሚቀሰቅስ ደረሱበት። የኒውክሌር ዘመን ከዚያች ቀን ይቆጠራል ቢባል ስህተት አይሆንም። ስድስት ሳምንት ቆይቶ፣ ህዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ ወልወል ላይ በኢትዮጵያና በጣሊያን ወታደሮች መካከል ተኩስ ተከፈተ። በቀጣዩ ዓመት መስከረም የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ።

እዚህ ላይ ልቆም እፈልጋለሁ። በፊዚክስ ታሪክ መጻሕፍት የሮም ልጆች ታሪክ የወርቅ ዘመን ተረት ሆኖ ነው የሚተረከው፤ ኢትዮጵያ ብቅ የምትለው «የኢትዮጵያ ጦርነት መንፈሱን አደፈረሰው» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እውነት ነው፤ አደፍርሶታል። በ1935 መጨረሻ ራሴቲ አሜሪካ ሄደ፣ ሰግሬ ለፓሌርሞ ዩኒቨርሲቲ ታጨ፣ ፖንቴኮርቮ ብዙም ሳይቆይ ፓሪስ ገባ። የቀሩት ፌርሚና አማልዲ ከማለዳ እስከ ማታ በእልህ ይሠሩ ነበር። አማልዲ ኋላ እንዳስታወሰው ፊዚክስን እንደ «ሶማ» ወሰዷት፤ ሶማ ማለት በአልዱስ ሐክስሊ ልብ ወለድ ውስጥ ሰው ሐሳቡን እንዲረሳ የሚውጠው እንክብል ነው። እነሱ እንዲረሱት የፈለጉት ነገር እዚህ የመርዝ ጋዝ ሆኖ ይወርድ ነበር። ፌርሚ ክፉ ሰው ነበር ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ሙሶሊኒ በ1929 የሾመው የንጉሣዊው አካዳሚ አባል ነበር፤ ደመወዙን ይበላል፣ ማዕረጉን ይለብሳል። የኒውትሪኖን ስም በየጉባኤው ያዞረው የዚያ ቤት ሰው ነው፤ ይህን ሳያነሱ ማለፍ ለእኛ ሰፈር አንባቢ አይሆንም።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦሩ አዲስ አበባ ገባ። ከዓመት በታች ቆይቶ የካቲት 12 ሆነ። በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ በሆነው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ ከአፍንጮ በር ሽቅብ ሲወጡ ሐውልቱን ያዩታል። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት ቀናት በከተማዋ የሆነውን ጭፍጨፋ ለአዲስ አበባ ልጅ አልተርክለትም።

በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1937፣ ማዮራና ብዙም የማያወጣ እጁን ዘርግቶ አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን በቻርጃቸው ይለያሉ፤ ቻርጅ የሌለው ኒውትሪኖ ግን ከመንታው በምን ይለያል? ምናልባት ኒውትሪኖ የራሱ ፀረ ቁስ ይሆናል አለ። በመጋቢት 1938 ከፓሌርሞ ወደ ናፖሊ በሚሄድ መርከብ ጉዞ ዙሪያ ደብዛው ጠፋ፤ እስከ ዛሬም በእርግጠኝነት የተገኘ ነገር የለም። ሐሳቡ ግን አልጠፋም፤ እንመለስበታለን።

ከዚያ የዘር ሕጉ መጣ። በ1938 መስከረም ሮም አይሁዳውያንን ከትምህርት ቤትና ከዩኒቨርሲቲ አባረረች። የፌርሚ ሚስት ላውራ አይሁዳዊት ነበረች፤ ሰግሬና ፖንቴኮርቮም እንደዚያው። ፌርሚ በታህሳስ ስቶክሆልም ሄዶ የኖቤል ሽልማቱን ተቀበለና ሮም ሳይመለስ ኒውዮርክ ገባ። የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን የጣሊያን ሳይንስ ውድቀት ይሉታል። እኔ አንድ ቀን ልጨምር፤ ሚያዝያ 1937። ጣሊያናዊ ከአፍሪካ ተገዥዎቹ ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር የሚከለክለውን አዋጅ ሮም ያወጣችው በዚያ ወር ነው። የዘር ሕግ መጀመሪያ የተለማመዱት እኛ ላይ ነበር፤ እሳቱ የጫሪውን ቤት ለማቃጠል ዓመት ከመንፈቅ ያህል ፈጀበት።

የተበተኑት የሮም ልጆች በየደረሱበት ያንኑ ታሪክ ቀጠሉት። ሰግሬ ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ደርሶ በ1955 ከቻምበርለይን ጋር ፀረ ፕሮቶንን አገኘ። ፖንቴኮርቮ በ1950 ከነቤተሰቡ ከምዕራብ ተሰውሮ ሶቭየት ኅብረት ብቅ አለ፤ በ1957 ደግሞ ኒውትሪኖ በጉዞ ላይ ሳለ ማንነቱን ሊቀያይር ይችላል የሚል ሐሳብ ጫረ። አማልዲ ብቻ እዚያው ቀርቶ፣ ከጦርነቱ በኋላ ጄኔቫ ላይ ሰርን የሚባለውን የአውሮፓ ቤተ ሙከራ ካቆሙት አንዱ ሆነ።

ሌባው የተያዘው በ1956 በአሜሪካ የሳቫና ወንዝ የኒውክሌር ማብላያ ሥር ነው። ፍሬድ ራይነስና ክላይድ ካወን በውኃ ጋን አጠመዱት። ከማብላያው የሚወጣው ፀረ ኒውትሪኖ ከስንት አንድ ጊዜ ከፕሮቶን ጋር ሲጋጭ ፖዚትሮንና ኒውትሮን ይወለዳሉ። ፖዚትሮኑ ወዲያው ጠፍቶ ብልጭ ይላል፤ ኒውትሮኑ ጥቂት ቆይቶ በካድሚየም ሲዋጥ ሁለተኛ ብልጭታ ይሰጣል። ሁለት ብልጭታ በቅደም ተከተል ከታየ ያ ነው። ኒውትሪኖ የተጋለጠው ፀረ ቁስ መስክሮበት ነው ማለት ይቻላል። በሰዓት ሦስት ገደማ ይይዙ ነበር። ቴሌግራሙ ሲደርሰው ፓውሊ የመለሰው ለሚጠብቅ ሰው ሁሉ ነገር ይመጣለታል የሚል ነበር፤ እኛ «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የምንለው። ከዳንሱ ምሽት ጀምሮ ሃያ አምስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት ነበር።

ያ ግን ሰው ሠራሽ ኒውትሪኖ ነው። ተፈጥሮ የሠራችው መጀመሪያ የታየው አፍሪካ ውስጥ፣ በየካቲት 1965፣ ከጆሃንስበርግ አጠገብ ቦክስበርግ በሚገኘው የኢስት ራንድ ወርቅ ማዕድን ጉድጓድ፣ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ነው። ራይነስና ደቡብ አፍሪካዊው ፍሪድል ሰልሾፕ አብረው ሠሩት። በዚያው ዓመት ህንድ ውስጥ ኮላር ወርቅ ማዕድንም እንዲሁ ተገኘ። ጉድጓዱ ያን ያህል የጠለቀው ለኒውትሪኖ ተብሎ አይደለም፤ በአፓርታይድ ዘመን በጥቁር ጉልበት ለወርቅ ተቆፍሮ ነው። ሳይንስ ከተዘጋጀ ጉድጓድ ገባ።

የፀሐዩን ታሪክ በአጭሩ ልለፈው። ሬይ ዴቪስ በአሜሪካ ሆምስቴክ ማዕድን ውስጥ 380,000 ሊትር የልብስ ማጠቢያ ኬሚካል ሞልቶ የፀሐይን ኒውትሪኖ ሲቆጥር፣ ከሚጠበቀው ሲሶው ብቻ ሆነበት፤ ሠላሳ ዓመት ገደማ። ሂሳቡ ተሳስቷል የሚሉት ብዙ ነበሩ። በ1998 የጃፓኑ ሱፐር ካሚዮካንዴ፣ ከ2001 ጀምሮም የካናዳው ሰድበሪ የፖንቴኮርቮን ጥርጣሬ አጸደቁት። ኒውትሪኖዎቹ በመንገድ ላይ ዓይነታቸውን ይቀይራሉ፤ ይህም ክብደት እንዳላቸው ያሳያል። ፖንቴኮርቮ በ1993 ስለሞተ አላየውም።

ወደ ጤፏ እንመለስ። እስከ 1964 ድረስ ተፈጥሮ በቁስና በፀረ ቁስ መካከል አታዳላም ይባል ነበር፤ አንዱን በሌላው ተክቶ ግራውን ከቀኝ ካገላበጡት ሕጉ ያው ነው ተብሎ። ይህ አቻነት በሳይንሱ ቋንቋ «ሲፒ» ይባላል። በዚያ ዓመት ክሮኒንና ፊች በብሩክሄቨን ኬኦን የሚባሉ ቅንጣቶችን ሲመረምሩ፣ ከሺህ ሁለት ያህሉ ሕጉን ሲጥሱ ያዙ። ከሺህ ሁለት! ለብዙዎች ይህ የሚያስከፋ ቆሻሻ ነበር፤ ንጹሕ ነጠላ ላይ እንዳረፈ የሽሮ ጠብታ። አንድ ሰው ግን ጠብታዋን አይቶ ስለ ጽንፈ ዓለም አሰበ። አንድሬ ሳካሮቭ ነው።

ሳካሮቭ የሶቭየትን ሃይድሮጂን ቦምብ ከሠሩት ዋናው ነበር፤ የሚኖረውም በካርታ ላይ በሌለ ዝግ ከተማ። በ1967 ጥቂት ገጽ ያላት ጽሑፍ አሳተመ። ከእኩል መነሻ ተነስቶ በቁስ ያጋደለ ዓለም እንዲወጣ ሦስት ነገር ያስፈልጋል አለ። አንደኛ፣ የቁስ ቅንጣቶች ድምር ሊለወጥ የሚችል መሆን አለበት፤ የታተመ ሂሳብ ከሆነ ትርፍ አይገኝም። ሁለተኛ፣ ቁስን የሚፈጥረው መንገድና ፀረ ቁስን የሚፈጥረው መንገድ ፍጥነታቸው አንድ መሆን የለበትም፤ የክሮኒንና የፊች ጠብታ እዚህ ትገባለች። ሦስተኛ፣ ይህ ሁሉ የሚሆነው ዓለም ከሙቀት ሚዛኑ ወጥቶ እየቀዘቀዘ ሳለ ነው። ሁሉም ነገር በሚዛን ላይ ከሆነ የሚሄደውና የሚመለሰው እኩል ነው፤ በአንድ በር የገባው በዚያው በር ይወጣል።

ጽሑፉን ለወዳጁ ሲሰጥ ግርጌው ላይ በግጥም ቀልዶበታል፤ ለጠማማው ጽንፈ ዓለም በልኩ ካፖርት እየተሰፋለት ነው የሚል ይዘት አለው። የአራዳ ልብስ ሰፊ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ፣ አንድ ትከሻው ዝቅ ያለ ደንበኛ ሲለካ ያየ ሰው ቀልዱ ይገባዋል። ጥሩ ሰፊ ደንበኛውን ቀጥ በል አይለውም፤ ጨርቁን ያጣምማል። ለአሥር ዓመት ያህል ጽሑፉን ልብ ያለው ጥቂት ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ካፖርቱን የመስፋት ታሪክ ነው፤ አላለቀም። ኮባያሺና ማስካዋ በ1973 ፕሮቶን የተሠራባቸውን የኳርኮችን አድልዎ በሂሳብ አስቀመጡ፤ ሲሰላ ግን ለአንዲቷ ፍሬ በብዙ እጥፍ የማይበቃ ሆነ። በ2025 በሰርን የኤልኤችሲቢ ሙከራ ከፕሮቶን ቤተሰብ በሆነ ከባድ ቅንጣትና በመንታው መካከል 2.5 ከመቶ ገደማ ልዩነት አገኘ፤ በዚያ ቤተሰብ ሲታይ የመጀመሪያው ነው። ደስ ይላል፤ እሱም አይበቃም። በ2023 ደግሞ እዚያው አልፋ የተባለው ሙከራ ፀረ ሃይድሮጂን እንደማንኛውም ነገር ወደ ታች እንደሚወድቅ አሳየ። ወደ ላይ ይወድቃል ብለው ተስፋ ያደረጉ ነበሩ።

ስለዚህ ዓይን ሁሉ ወደ ኒውትሪኖ ዞሯል። ፉኩጊታና ያናጊዳ በ1986 የጠፋውን ማዮራናን ቀሰቀሱት። ኒውትሪኖ በእርግጥ የራሱ መንታ ከሆነ፣ በመጀመሪያው ዘመን እጅግ ከባድ ዘመዶች ኖረውት ይሆናል፤ እነሱ ሲፈርሱ ትንሽ ወደ ቁስ አድልተው ከሆነ ጤፏን የጨመሯት እነሱ ናቸው። ይህን ለመፈተን በጣሊያን ግራን ሳሶ ተራራ ሥር ኩኦሬ የተባለው ሙከራ ከጥንት የሰጠመ መርከብ በወጣ የሮማውያን እርሳስ ተከልሎ ይጠብቃል፤ አሮጌ እርሳስ ጨረሩ ስለሞተ ነው የሚመረጠው። በሌላ በኩል ጃፓኖች ከቶካይ እስከ ካሚዮካ 295 ኪሎ ሜትር በመሬት ውስጥ ኒውትሪኖና ፀረ ኒውትሪኖ እየላኩ፣ የሁለቱ አቀያየር አንድ መሆን አለመሆኑን ይቆጥራሉ። በ2020 ያሳተሙት አንድ አይመስልም የሚል ፍንጭ ነው፤ ፍንጭ ግን ማስረጃ አይደለም። አሜሪካኖቹ ለዚሁ ጉዳይ 1,300 ኪሎ ሜትር የሚሻገር ዱን የሚባል ሙከራ እየገነቡ ነው። መቀበያው የሚቆመው ሬይ ዴቪስ የማጠቢያ ኬሚካሉን በሞላበት በዚያው በሆምስቴክ ጉድጓድ ነው።

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ከአፍንጮ በር በእግር የሚደረስ ነው። በግቢው ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ካናዳዊው አባ ፒየር ጉዋን ያቋቋሙት የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የምድርን ማግኔትና መንቀጥቀጥ ሲመዘግብ ኖሯል፤ አዲስ አበባ በማግኔቱ ወገብ አጠገብ መሆኗ ለዚያ ሥራ ብርቅ አድርጓታል። የፊዚክስ ትምህርት ክፍሉ ኒውትሪኖ አጥምዶ አያውቅም፤ ጉድጓዱም ጋኑም የለውም። ሌላ ነገር ግን አለው።

ዶ/ር ሙሉጌታ በቀለ እዚያ ያስተማሩ የስታቲስቲካል ፊዚክስ ሰው ናቸው። ማስተርሳቸውን አሜሪካ ሜሪላንድ፣ ዶክትሬታቸውን ህንድ ባንጋሎር ነው የሠሩት። በሁለቱ መካከል በደርግ ዘመን ለዓመታት ታስረዋል፤ ተገርፈዋል። ሳካሮቭም በዚያው ዘመን ቦምቡን ትቶ ስለ ሰው መብት መናገር ስለጀመረ በጥር 1980 ጎርኪ ከተማ ተግዞ እስከ 1986 መጨረሻ ተዘግቶበት ነበር። ሳካሮቭን ያጋዘው መንግሥት ደርግን ያስታጠቀው መንግሥት ነው።

ዶ/ር ሙሉጌታ ከመስፍን አስፋው ጋር በ2004 ያሳተሙት ጽሑፍ ስለ ብራውኒያን ሞተር ነው። አንዲት ደቃቅ ቅንጣት ፈሳሽ ውስጥ በሙቀት ወዲያና ወዲህ ትገፋለች፤ በአማካይ የትም አትሄድም። መንገዷን እንደ መጋዝ ጥርስ፣ በአንድ በኩል ገደል በሌላ በኩል ተዳፋት ብታደርጉትም፣ ሙቀቱ በሁሉም ቦታ አንድ ከሆነ አሁንም የትም አትሄድም። ጥርሱ የተጣመመ ሆኖ ሙቀቱም በየቦታው ሲለያይ ግን ቅንጣቷ ወደ አንድ አቅጣጫ መጓዝ ትጀምራለች፤ ጭነትም ትጎትታለች። ሰፌድ ላይ ጤፍ የምታበጥር ሴት ይህን በእጇ ታውቀዋለች። ሰፌዱ ዝም ብሎ ቢናጥ ፍሬውና ገለባው እዚያው ይንገዋለላል፤ በእጇ የሚጋደል ነገር ሲኖር ነው አንዱ ከሌላው የሚለየው።

ጠማማነት ብቻውን አይበቃም፤ ከሚዛን መውጣት ብቻውን አይበቃም፤ ሁለቱ ሲገናኙ ትርፍ ይወጣል። የሳካሮቭ ሁለተኛና ሦስተኛ ነጥብ ይኸው ነው። አንዱ ስለ ጽንፈ ዓለም ልደት ጻፈ፣ ሁለቱ ስለ አንዲት ቅንጣት ጉዞ፤ ጽሑፎቹ አይተዋወቁም። እኔ ግን ጎን ለጎን ሳነባቸው አንድ እጅ የሰፋቸው ይመስሉኛል።

በ2012 የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር በአንድሬ ሳካሮቭ ስም የሚሰጠውን ሽልማት ለዶ/ር ሙሉጌታ በቀለና ለሃርቫርዱ ሪቻርድ ዊልሰን ሰጠ። ሽልማቱ የሚሰጠው ለሰብዓዊ መብት ለቆሙ ሳይንቲስቶች ነው። ስለ ሞተሩም፣ ስለ ጤፏም አልነበረም።